መርፌዋ የምትዘልበት

ወይኒቱ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ከጧት ጀምራ ብርሌ ስታጥብ ነው የዋለችው። የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፤ እጅ አያስገባም፤ ውሃና አሸዋ ከትተው እየናጡ ነው የሚያጥቡት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስምንቱን እዚሁ ቡሬ፣ በዚሁ ጠጅ ቤት ቆማ ጨርሳዋለች። ድካሙ ድሮ ሲመሽ ይመጣ ነበር፤ አሁን ጧት አብሯት ከአልጋ ይወርዳል።

ብርሌው ሲያልቅ የሸክላ ማጫወቻውን መወልወል ጀመረች። ይህ ሥራ አይሰለቻትም። ሰዉ ፒካፕ ይለዋል፤ የአባቷ የላቀው ነበር። ላቀው በማሲንቆው ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ስንቱን ሠርግ ያደመቀ ሰው ነው። ደርግ በገባ ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። አንድ ብቻ። ከዚያ ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ፤ ካሴቱም ሄደ፤ ላቀውም ሞተ። የቀረው ይኸው የቁርስ ሳህን የምታህል ጥቁር ሸክላና ማጫወቻዋ ናት። የማጫወቻዋ መርፌ አልቃለች። ወይኒቱ ባሕር ዳር ድረስ አስፈልጋ አጥታ፣ መርፌዋ እንዳትንሳፈፍ ክንዱ ላይ አሥር ሳንቲም በፕላስተር ለጥፋበት ሁለት ዓመት ሆናት።

ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ ሸክላው ጭረት አለበት። መርፌዋ እዚያ ስትደርስ ጭርር ትልና ትዘላለች፤ ላቀውም ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው ሳይታሰብ ይገኛል። የቤቱ ደንበኛ ይህን ያውቃል። መርፌዋ ስትዘል የተቀመጠው ሁሉ ባንድ ላይ ብርሌውን ከፍ አድርጎ «ሆ!» ይላል። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም፤ ወይኒቱም ልጅ ሆና ያገኘችው ነገር ነው። እንግዳ ገብቶ ብርሌውን ካላነሳ ይስቁበታል። ስለ ጭረቱ ደግሞ እናቷ እናኑ፣ «ከአዲስ አበባ ስንመጣ አውቶቡስ ላይ ዕቃ ተጭኖበት ነው» ብለው አንዴ ነግረዋታል፤ ደግማ አልጠየቀችም።

እናኑ ከጥምቀት ወዲህ አልጋ ይዘዋል። አልጋቸው ከጠጅ ቤቱ ጀርባ ጓዳው ውስጥ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

የገበያ ቀን ነበርና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ መሙላት ጀመረ። አያ ታከለ የለመደው አግዳሚ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ የማያውቀው አገርና የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ነው። ከጎኑ ቻላቸው የእህል ነጋዴው የጤፍ ብናኝ ከትከሻው ላይ እያራገፈ ተቀመጠ። ወዲያው የወይኒቱ ልጅ ህይወት ከፍኖተ ሰላም ገባች። እዚያ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እናቷን ታግዛለች።

«እማ፣ አያቴን አገኘሁት!» አለች ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«የትኛውን አያትሽን?»

«ላቀውን ነዋ! ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ አለ። አንድ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ያልተጫረ አግኝቶ ጭኖታል። ዳታ ካለሽ በፈለግሽው ሰዓት ትሰሚዋለሽ። መርፌ የለ፣ ሳንቲም መለጠፍ የለ።»

«ዳታው በዓመት ስንት ቀን ነው የሚኖረው?» አለች ወይኒቱ ብርሌ እየቀዳች። «ደግሞ ስልክ ውስጥ ገብቶ የወጣ ድምፅ ምን ድምፅ ይሆናል!»

«ሰምተሽዋል እንዴ?»

«ሳልሰማው አውቀዋለሁ። ይሄ ሚኒባሱ ሁሉ የሚያንባርቅበት አይደለም? አንገት እንጂ ደረት የለውም። ሸክላው ደረት አለው። ላቀው ሲተነፍስ ይሰማሻል።»

«የሚሰማሽ መርፌዋ ናት የምትተነፍሰው» አለ አያ ታከለ። «አስም ይዟታል።»

ቤቱ ሳቀ። ወይኒቱ አልሳቀችም።

«አንተ ሠላሳ ዓመት ሞተር ላይ ተቀምጠህ የደነቆርክ ሰው ስለ ድምፅ አታውራ!»

«ደንቁሬም ቢሆን ሽሮ ሲንተከተክና ዘፈን ሲዘፈን እለያለሁ። ያንቺ ሸክላ ተንተክትኮ ተንተክትኮ አሁንማ ሊያር ነው።»

«ለምን አንሞክረውም?» አለች ህይወት። «ድምፅ ማጉያው ያው የእንጨቱ ሳጥን ይሁን። መጀመሪያ ሸክላውን እናሰማለን፤ ቀጥሎ ስልኩን በዚያው ሽቦ እሰካዋለሁ። ከዚያ ቤቱ ይፍረድ።»

ወይኒቱ ደክሟት ነበር። ባይደክማት ዝም ትል ነበር ይሆናል። ግን ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ ፒካፕ ስትሰማው የኖረችው ነገር ትዝ አላት። አውርጂው፣ ሽጪው፣ ዘመኑ አልፎበታል፤ ወጣቱ ሌላ ቤት እየሄደ ነው። ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጠችው።

«ይሞከር! እናቴ ትሙት፣ ስልኩ በልጦ ከተገኘ ይሄን ፒካፕ በገዛ እጄ አውርጄ ጓዳ እወረውረዋለሁ።»

ሰዉ ወደ መጋረጃው አየ። እንዲህ ብሎ መማል ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ሽንኩርት ሲገዛም ይምላል። ነገር ግን የምትምልባቸው እናት ከመጋረጃው ወዲያ ታመው ተኝተዋል።

«ኧረ ወይኒቱ» አለ ቻላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሳቸው እዚያው ሆነው…»

«ምያለሁ አልኩ!»

ካፏ ሲወጣ ተጸጽታበት ነበር። ግን ወይኒቱ የተናገረችውን መልሳ የምትውጥ ሴት አይደለችም።

ሸክላውን አስቀመጠች፤ ክንዱን አንስታ በቀስታ አወረደችው። ጭርጭርታው ቀደመ፤ ከጭርጭርታው ውስጥ ማሲንቆው ወጣ፤ ከማሲንቆው በኋላ ላቀው። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማ። እውነቷን ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሰውየው እዚያው ዱካ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። መሃል ላይ ሲደርስ መርፌዋ ጭርር ብላ ዘለለች። «ሆ!» ብርሌው ሁሉ ተነሳ። እስከ መጨረሻው ተሰማ።

«እንግዲህ» አለች ወይኒቱ።

ህይወት ሽቦውን ነቅላ ስልኳ ላይ ሰካችው። ኔትወርኩ አንዴ ሄዶ አንዴ መጣ፤ አያ ታከለ፣ «ይሄማ ከመርፌዋም ይብሳል» ብሎ ቀለደ። ከዚያ ምንም ጭርጭርታ ሳይቀድመው ማሲንቆው ብቻውን መጣ። ጥርት ያለ ነው። የደጋኑ ጭራ ክሩ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ላቀው ሸክላው ላይ ካለው ይልቅ ወጣት ሆኖ ተሰማ።

«ታጥቦ የተሰጣ ድምፅ!» አለ ታከለ።

«ለኔ ትንሽ ቀጠነብኝ» አለ ቻላቸው። «ሸክላው ላይ ሰው አለ። እዚህ ላይ ድምፁ ብቻ ነው ያለው።»

ወይኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ዘፈኑ ወደ መሃል እየደረሰ ነው። እጆች ሁሉ በልምድ ወደ ብርሌው ሄዱ፤ ያቺ ቦታ ደረሰች፤ «ሆ!» ብለው አነሱ።

መርፌ የለም፤ የሚዘል የለም። ሰዉ ብርሌውን እንዳነሳ ቀረ። ማሲንቆው አንድ ዙር ዞረ፤ ከዚያ ላቀው ዝም አለና የሴት ድምፅ ገባ። ቀጭን ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ፈራ፤ ከዚያ ጠነከረ።

«ከሽንዲ ሜዳ ላይ ካባቴ ደጅ ወጥቼ፣
ድምፄን ልስጥህ እንጂ ሌላ ምን አምጥቼ።
ወንድሞቼ ቢያውቁ፣ ቢሰሙኝ ቢቆጡ፣
ጆሮ አለኝ አይበሉ፣ ጎጆዬም አይምጡ።»

ወይኒቱ ወደ ስልኩ ቀረበች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። መቼ እንደሰማችው አታውቅም፤ ግን ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት በአፍንጫዋ የሳበቻትን አየር፣ ስንኙ ሲያልቅ ከንፈሯን ዘግታ የምታስተጋባውን «እምም» ታውቀዋለች። እናኑ ውሃ አምጪልኝ ሊሉ ሲሉ፣ ሊቆጡ ሲሉ፣ ጸሎት ሊጨርሱ ሲሉ እንደዚያ ናቸው። እናኑ ግን ዘፍነው አያውቁም። በሠርግ እንኳ እልል የማይሉ ሴት ናቸው።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ተሰማ።

«ወይኒቱ… ምነው ዛሬ መርፌዋ አልዘለለችም?»

ላቀው ተመልሶ ገባና ዘፈኑ አለቀ።

«አለቀ፣ ተፈረደ!» ብሎ ታከለ ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ግማሽ ዘፈን ነው ስታጠጪን የኖርሽው! ሌላው ይቅር፣ ይሄኛው ሙሉ ነው። ቻላቸው፣ አንተስ?»

«ቢቀጥንም ሙሉ ነው» አለ ቻላቸው ወይኒቱን እያየ፣ አዝኖላት። «ሴትዮዋ ግን ማናት? ከሽንዲ ነኝ ትላለች እኮ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ወይኒቱ። «የከተማ ዘፋኝ ትሆናለች። ያኔ እንዲሁ ነው፣ አገሯ ሳይሆን ነኝ ትላለች።»

ፒካፑን ከነሳንቲሙ ታቅፋ ጓዳ ገባች። ከኋላዋ፣ «ቃሏ ቃል ነው!» የሚል ድምፅ ሰማች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይላት ነበር።

እናኑ ትራሳቸውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ሳምንቱን ቀና ብለው አያውቁም። ወይኒቱ ፒካፑን ከሳጥኑ ላይ አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በኔ ስም ነው የማልሽው?» አሉ እናኑ።

«ሰምተዋል?»

«እግሬ ነው የታመመው፤ ጆሮዬ ምን ሆነ!»

«እማዬ፣ ይማሩኝ፣ ንዴት ነው።» ከዚያም ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ ያላሰበችው ወጣ፤ «እርስዎ ነዎት።»

እናኑ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ያች ልትዘፍን የነበረችው ሴት ሳትመጣ ቀረች» አሉ። «ሸክላ ቀራጩ ደግሞ ተቆጣ፣ ሰዓት አለቀ አለ። ላቀው ዞር አለና አንቺ በይ አለኝ። ቤት ውስጥ ሰምቶኛል፤ ያውቃል። አንቺ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ። ልጅቱ ታለቅስና ታበላሻለች ብሎ ቀራጩ አውርዶ ለሰው ሰጠብኝ። በር ላይ ሆነሽ ስታለቅሺ እየሰማሁ ነው ያን ያልኩት።»

«ወንድሞችዎን የሰደቡትስ?»

«ሃያ ዓመቴ ነው፣ ልጄ። አዝማሪ አገባች ብለው ካስወጡኝ ሦስት ዓመቴ። የአባቴን ሞት እንኳ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ ለቅሶ አልጠሩኝም። ሆዴ ውስጥ የነበረው ወጣ። ሽንዲ ያኔ ፒካፕ የት አለና ይሰማሉ!» እናኑ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «በዓመቱ ሽማግሌ ገባና ታረቅን። እዚህ ሊመጡ ሆነ፣ ታላቄም፣ ቢሰጥም። ላቀው ደስ ብሎት ይህን ሸክላ ላሰማቸው ነው አለ። አዝማሪ ብለው የናቁኝ ድምፄ በሸክላ ታትሞ እንደመጣ ይዩ አለ። እሺ አልኩት። ከዚያ እሱ በግ ሊገዛ ሲወጣ ሰፌድ የምሰፋበትን ወስፌ አነሳሁ።»

ወይኒቱ ወደ ፒካፑ ዞር አለች።

«ሦስቴ አጫወትኩት። ድምፄ የሚጀምርበት ላይ ዱቄት ነሰነስኩ፤ የሚያልቅበትም ላይ። በሁለቱ ዱቄት መሃል ያለው የአክርማ ቅጠል ስፋት ነው የሚያክለው፤ ከዚያ አይበልጥም። ልክ እንደ እርሻ ትልም አወጣሁለት፣ መርፌዋ ገብታበት ወዲያ ማዶ እንድትወጣ። የኛዋን ሸክላ ብቻ ነው የጫርኩት። ሌላው የት እንዳለ ምን አውቄ።»

«አባባ አላወቀም?»

«ወንድሞቼ እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አጫወተው። ስትዘል ደነገጠ። አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ብርሌውን ከፍ አደረገና ሆ! አለ፣ እየሳቀ። እነሱም የከተማ ወግ መሰላቸውና አነሱ።»

ወይኒቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንድም ቀን አላነሳብኝም» አሉ እናኑ። «ሲሞትም አላነሳብኝም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ሲንሸራተት፣ ሰው ሲስቅ ይሰማል።

«የፊታችን ቅዳሜ ቢሰጥ ማር ይዞ ይመጣል» አሉ እናኑ። «ታላቄ ሞቷል፤ የቀረኝ እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ከሽንዲ ማር ጭኖ እየመጣ አሳድጎሻል። የጠጅሽ ማር የማን ነው? አሁን በዚህ ዕድሜው እዚያ ተቀምጦ ጎጆዬ አይምጡ ስል ይስማኝ? እኔ ስሞት እንዳሻችሁ አድርጉ። እሱ እያለ፣ እኔም እያለሁ፣ አይሆንም።»

«ምያለሁ እኮ፣ እማዬ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«የተማለው በኔ አይደለም? እኔው ፈታሁሽ። ደግሞ እሞታለሁ፣ የት ይቀራል፤ ግን ባንቺ መሐላ አይደለም የምሞተው።» ፈገግ ያሉ መሰለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ያ ስልክ… አንዴ ቀስ ተደርጎ ይሰማል?»

ወይኒቱ ህይወትን ጠርታ ስልኳን ተቀበለቻት። «ክፈቺና ስጪኝ። ለምን እንዳትይኝ» አለቻት። ህይወት የእናቷን ፊት አይታ ከፍታ ሰጠችና ወጣች። ስልኩን ጋቢው ውስጥ ከተው ራስ ለራስ ገጥመው ሰሙ። የሴቷ ድምፅ ሲመጣ እናኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅም አልገለጡም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ደህና ይዞታል፤ ከሸክላውም ይሻላል፣ ሸክላው ያኔም ያፍነኝ ነበር። ያንቺ ልቅሶ ግን የለም። ያን ቀን ከማሲንቆው በላይ የሰማሁት እሱን ነው። ሸክላውም አልያዘው፣ ይሄም አልያዘው።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ጧት ወይኒቱ ፒካፑን ከጓዳ አውጥታ ቦታው ላይ መለሰችው። ሽቦውን ሰካች። ብርሌ ስታጥብ ደግሞ አንዱ ጆሮዋ ውስጥ የህይወት ማዳመጫ ነበረ፤ ያን ዘፈን ስልኳ ላይ አስጭናዋለች፣ ያለ ዳታም ይሰማል። ስምንቴ ይሁን ዘጠኜ ሰማችው። ሰው ሲገባ ነቅላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

አያ ታከለ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ኧረ ተዪ! ያ ምንድነው የማየው?»

«ፒካፕ ነው። ዓይንህም ደከመ?»

«እናቴ ትሙት ብለሽ ምለሽ አልነበረም? ቻላቸው፣ አንተ ምስክር ነህ!»

«ነበረ» አለ ቻላቸው አፍሮ።

«ምያለሁ» አለች ወይኒቱ። «ስልኩ በልጦ ከተገኘ ብዬ ነው። አልበለጠም። ደረት የለውም።»

«ቤቱ ፈርዷል እኮ!»

«ቤቱ የኔ ነው።»

ሳቁ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። አንዱ፣ «ወይኒቱም ቃሏን በላች» አለ፤ ሌላው፣ «ከእንግዲህ ምን ብትምል ማን ያምናታል» አለ። ወይኒቱ እየቀዳች ሰማች። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ቤት ቃሏን ያጠፈችበት ሰው አልነበረም። የምትለው ነበራት፤ አንዲት ቃል ብታወጣ ሁሉም አፉን ይይዝ ነበር። አላወጣችም። ይባስ ብሎ፣ ለሸክላው ስትከራከር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የማታምንበትን ነገር ነው የምትናገረው።

አሥር ሰዓት ላይ ቢሰጥ ከነማሩ ደረሱ። ጎንበስ ያሉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጓዳ ገብተው እህታቸውን ሳሙ፤ ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወይኒቱ ብርሌያቸውን ሞላችላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ያችን የላቀውን አሰሚኝ እስቲ» አሉ። «መንገድ ላይ ልጆቹ በስልክ የዘመኑን ዘፈን ሲያጫውቱ ነው የመጣሁት፣ ጆሮዬን አደነቆሩት። እንደዚች ያለ የለም።»

«የለም፣ አጎቴ» አለች ወይኒቱ።

ታከለ ከጥጉ አጉረመረመ። ሸክላውን አስቀመጠችና ክንዱን አወረደችው። ጭርጭርታው መጣ፤ ማሲንቆው መጣ፤ ላቀው መጣ፣ ታፍኖና አርጅቶ። መሃል ላይ ሲደርስ መርፌዋ ጭርር አለች። «ሆ!» አለ ቤቱ። ታከለ እንኳ ሳይወድ አነሳ። ከሁሉም ከፍ ያደረጉት ቢሰጥ ነበሩ፤ ጠጁ ክንዳቸው ላይ ፈሰሰ።

ላቀው ወደ ሌላው ስንኝ አልፎ ነበር። ወይኒቱ ማሰሮውን እንደያዘች ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ የእናቷን አራት መስመር ጨርሳ ላቀውን ደረሰችበት።